ሽጠው ያልኩህ ጫካ

ኮሪን ሃልቨርሰን ዌድ ኪምብሮን መጀመሪያ ያየችው መኪናው እስከ በሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ እሱ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሎ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ሲፈለፍል ነው።

ወሩ መጋቢት ነበር። በሰሜን ምሥራቅ አዮዋ በረዶው ሲቀልጥ የወንዙ ዳር መሬት እንደ ገንፎ እንደሚውጥ የማያውቅ የአገሬው ሰው የለም። የመኪናው ሰሌዳ ግን የጆርጂያ ነበር፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። አባቷ ጫካውን ለሽያጭ ካወጣ ወዲህ እንደዚህ ያሉ ሰዎች በየጊዜው ይመላለሱ ነበር። ከሩቅ ክፍለ ግዛት ይመጣሉ፣ ቀንዱ የተንሰራፋ አጋዘን የሚውልበት መሬት ይጠይቃሉ፣ ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። ወንድሟ ዴል «ባለ ሰሌዳዎቹ» ይላቸዋል።

«እስኪደርቅ እየጠበቁ ነው?» አለችው ከትራክተሯ ላይ ሆና። «ቢታገሱ ሰኔ ላይ ይደርቃል።»

«ደላላው ይመጣል ብለውኝ ነበር» አለ ሰውየው ኦቾሎኒውን እየዋጠ። «አሁን ግን እርስዎ ቢመጡልኝ ይሻላል ብዬ ስጸልይ ነበር።»

«እኔ እንደምመጣ በምን አወቁ?»

«አላወቅሁም። የመጣውን ሰው ሁሉ እንደዚያ ልለው ነበር።»

ሳቋ አመለጣት። መኪናውን በገመድ ጎትታ አወጣችለት። ኦርቪል፣ አባቷ፣ ጉልበቱ ከከዳው ቆይቷል፤ ስለዚህ የጫካውን ወሰን ለሰውየው የምታሳየው እሷ ሆነች። ኮሪን አንዴ አግብታ ዱቡክ ከተማ ኖራ፣ ፈትታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ጠዋትና ማታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ናት። ሰው ቶሎ አታምንም። ያን ቀን ግን ከዚህ እንግዳ ኋላ ኋላ ስትሄድ የገረማት ነገር ነበር። ሌሎቹ ገና ሳይረግጡት «ትልቁ ወንድ የት ነው የሚታየው?» ብለው ነበር የሚጠይቁት። ይሄኛው ዝም ብሎ ይሄዳል። አንዳንዴ ያጎነብስና አፈሩን በጣቱ ይነካል።

ትልቁ የባሉጥ ዛፍ ጋ ሲደርሱ ቆመ። ዛፉ ላይ ኦርቪል በወጣትነቱ በጣውላ የሠራው የአደን ማማ አለ።

«የማን ነው?»

«የአባቴ። ከልጅነቴ ጀምሮ አደን ሲከፈት እዚህ ነው የሚውለው። አሁን እንኳን ወንድሜ ደግፎ ያወጣዋል።»

ዌድ ቆቡን አወለቀ። «እኔ የሰው መሬት ላይ እየለመንኩ ሳድን ነው ያደግሁት» አለ። «አባቴ የቆመበትን ያህል መሬት እንኳን አልነበረውም። ይሄ ጫካ የእኔ ከሆነ ይሄ ማማ የአባትዎ ነው። እሳቸው እስካሉ ማንም አይወጣበትም።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን አያያትም፤ ዓይኑ ማማው ላይ ነው። እንደዚያ ያለ ቃል የሚናገር ሰው ዓይኗን እያየ ቢናገረው ኖሮ አታምነውም ነበር። አለማየቱ ነው ልቧን የነካው።

*

ኦርቪል ማሳውን ከዕዳ ለማዳን ጫካውን መሸጥ ነበረበት፤ ሸጠ። ዌድም ገዛ። ነገር ግን የአዮዋ ሕግ ለውጭ ሰው ሆደ ሰፊ አይደለም። የአገሬው ነዋሪ በየዓመቱ ፈቃድ ያወጣል። ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ሰው ግን መሬቱ የራሱም ቢሆን ባለ ቀንድ አጋዘን ለመግደል ዕጣ መጠበቅ አለበት፤ ዕጣው ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

«እና የገዛ ጫካህ ውስጥ ቁጭ ብለህ ልታይ ነው?» አለው ኦርቪል እየሳቀ። በሐምሌ ሐሩር ደጅ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የበቆሎ እሸት ይግጣሉ።

«ማየቱም ለእኔ ብዙ ነው፣ አቶ ኦርቪል።»

«ጆርጂያ ውስጥ አጋዘን አልቆ ነው?» አለ ዴል ቀና ሳይል። ዴል ያን ጫካ በልጅነቱ አውቆታል፤ የመጀመሪያ አጋዘኑን የጣለው እዚያ ነው። የሚገዛበት አቅም ግን አልነበረውም፤ ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረም።

«ሞልቷል። ግን ውሻህን የሚያህል ነው» አለ ዌድ።

ሁሉም ሳቀ። ዴል ብቻ አልሳቀም።

«ዴል» አለው ዌድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሩ ክፍት ነው። እኔን እንደ ሩቅ ዘመድ ቁጠረኝ። እንደ ድሮህ ግባ፣ ውጣ።»

«ደግ ሰው ነህ» አለ ዴል። አባባሉ ግን ምስጋና አይመስልም ነበር።

በዚያ በጋ ዌድ ያን ሁሉ መንገድ እየነዳ ይመላለስ ነበር። አጋዘኖቹ እንዲግጡ በጫካው ገላጣ ቦታዎች ማገጥ የሚባለውን የግጦሽ ሣር ዘሩ፤ እሷ ትራክተሩን ትነዳለች፣ እሱ ከኋላ ዘሩን ይበትናል። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ድንገት ወረደና ተሯሩጠው የድሮው የሣር ጎተራ ውስጥ ገቡ። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። እሷ መሐረቧን አውጥታ ዘረጋችለት።

«እርስዎ ይጥረጉ መጀመሪያ» አለ።

«ኧረ በልና ተጥረግ!» አለችው። «ከእኔ የባሰ በስብሰህ ምን እርስዎ፣ እርስዎ ትላለህ?»

እሷ ከአፏ ያመለጠውን ሰማችና ፊቷ ቀላ። «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር። ዌድ መሐረቡን ሳይሆን እጇን ያዘ። ዝናቡ የጎተራውን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር።

*

ጥቅምት ላይ፣ ቅጠሉ ሁሉ እንደ እሳት በቀላበት ሰሞን፣ ዌድ እንድታገባው ጠየቃት። ጆርጂያ ያለውን የጣሪያ ሥራ ድርጅቱን ለአጎቱ ልጅ ሊተውና ጠቅልሎ ወደ አዮዋ ሊመጣ ወስኗል፤ ለጊዜው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቷል። ጣሪያ መሥራት የትም ይቻላል አለ፤ እዚህም ሰው ቤት አለው፣ ዝናብም አለ። ኮሪን አዎ አለችው። በማግስቱ አውቶቡሱን ስትነዳ ልጆቹ «ዛሬ ምን ሆነሻል? ታፏጫለሽ እኮ!» አሏት።

ደስታዋ ሳምንት አልሞላም። ዴል የከብት መኖ መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ አገኛት።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት። «የፈቃድ ወረቀት ሆንሽ አሉ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምን አስደነገጠሽ? ሰውየው እዚህ አግብቶ ከኖረ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ከሆነ ዕጣ የለ፣ ጥበቃ የለ። በየዓመቱ የገዛ ጫካው ውስጥ ትልቁን ወንድ ይጥላል። ሌሎቹ ስንት ዓመት ይጠብቃሉ፤ እሱ አቋራጩን አገኘ። ብልጥ ነው፣ አልፈርድበትም።»

«አፍህን ዝጋ፣ ዴል!»

«እሺ፣ ዘጋሁ።» ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ።

ቃሉ ግን ከእሷ ጋር ቀረ። ስትነዳ አብሯት ይነዳል፣ ከብት ስታጠጣ አብሯት ይቆማል። ቀድሞ የነበረ ባሏም ሲያገባት ሌላ ጉዳይ ነበረው፤ ያን ጊዜ ያወቀችው መጨረሻ ላይ ነበር። በዚህኛው ግን ከመጀመሪያው ማወቅ ፈለገች። ዌድ እንደመጣ ከመኪናው ሳይወርድ ጠየቀችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እዚህ መኖር ስትወስን ፈቃዱን አስበኸው ታውቃለህ?»

ዌድ መዋሸት የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይሻለው ነበር።

«አስቤዋለሁ» አለ። «መንገድ ላይ፣ ብቻዬን ስነዳ። እንደ ምራቂ ነው ያሰብኩት፣ ኮሪን። ገበያ ሄደሽ የፈለግሽውን ገዝተሽ ሻጩ አንድ ጨምሮ እንደሚሰጥሽ።»

«ከእኔና ከፈቃዱ የትኛችን ነን ምራቂው?»

«እንዴት እንደዚህ ትያለሽ!»

«እንዴት አልልም? መላ አገሩ ይለዋል እኮ!»

«አገሩ ይበል። አንቺ ታምኚዋለሽ?»

አላምንም ማለት ነበረባት። ይልቁንም ስትናገረው ራሷን ያስደነገጣት ቃል ወጣ።

«ይሽጡት» አለች። «ጫካውን ይሽጡትና ባዶ እጅዎን ይምጡ። ያኔ አምንዎታለሁ።»

ከንግግሩ ሁሉ የጎዳው «እርስዎ» መባሉ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ኮሪን ያን ዝምታ በራሷ መንገድ ተረጎመችው፤ ጫካውን መረጠ ብላ። እሱ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ኦርቪል በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ሁሉንም ሰምቷል። ስትገባ ወንበሯን ወደ ምድጃው ጠጋ አደረገላት።

ከዚያ በኋላ ዌድ አልደወለም። እሷም አልደወለችም። መልእክት ትጽፍና ታጠፋዋለች፤ ትጽፍና ታጠፋዋለች። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ልጅ ከመሳፈሩ በፊት አውቶቡሱን ጥግ አቁማ ታለቅስና ፊቷን ጠርጋ ትነሳለች። ይቅርታ ለማለት አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ያቺ ቃል ግን በየቀኑ ትከብዳለች።

*

ኅዳር መጨረሻ ላይ የጠመንጃ አደን ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ኦርቪል መሣሪያውን ዘይት ቀባ። ብርቱካናማ ሰደርያውን አራግፎ ምድጃው አጠገብ ሰቀለ። ጉልበቱ ብሶበታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማማው ላይ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

«ዘንድሮ ባልተኩስም ግድ የለኝም» አላት። «ማማው ላይ ሆኜ አንድ ጊዜ ሲነጋ ልየው።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ውሻው ጮኸ። ኮሪን ወደ ደጅ ስትወጣ ዌድ ግቢው መሃል ቆሟል። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ፊቱ ግን በራ።

«ሸጥኩት» አላት።

አልገባትም።

«ጫካውን ሸጥኩት፣ ኮሪን! ትናንት ፈረምኩ። ምንም የለኝም፣ ይኸው፣ ባዶ እጄን ነኝ።» ሁለት መዳፉን ዘረጋላት። «ከፈለግሽ ዕድሜ ልኬን አንድ አጋዘን አልገድልም። አሁን ታምኚኛለሽ?»

ኮሪን እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ ራሷን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አገኘችው። ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ ትለዋለች፤ እሱም ፀጉሯ ውስጥ ያለቅሳል። ልጅ ሆኖ የሰው መሬት ላይ ለምኖ ያደነ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘውን መሬት ለእሷ ብሎ ሸጠው። ከዚህ ወዲያ ምን ፍቅር አለ? በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ተወድዳ አታውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልተወደደችም።

የዴል ፒክአፕ ጠጠሩን እየበተነ ገባ። ዴል በሩን ሳይዘጋ ወረደ።

«የጫካውን የታችኛ በር አይታችኋል? ሰንሰለት ታስሮበታል! በየዛፉ ‹መግባት ክልክል ነው› ተለጥፏል፣ ካሜራ ሰቅለዋል። አንድ ሰው ወጥቶ ‹እግርህን ካስገባህ ፖሊስ እጠራለሁ› አለኝ። ማነው ይሄ ሰውዬ?»

ኮሪን ክንዷን ከዌድ አንገት ላይ ቀስ ብላ አወረደች።

«ለማን ነው የሸጥከው?»

«ከሚሺጋን የመጣ ሰው ነው። ደላላው ነው ያመጣው። ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ የመጀመሪያውን ገዢ...»

«ማማውስ? አባቴስ?»

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየችው። አልረሳውም ነበር፤ ያሰበው እሷን ብቻ ስለነበር ሌላው ሁሉ ከዓይኑ ጠፍቶ ነበር።

«ለእኛ አትሸጥም ነበር?» አለ ዴል። «እንዳቅማችን በዓመት በዓመት ክፈሉ አትለንም ነበር?»

«ለእሷ ብሰጣት ገዛኝ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ!» አለ ዌድ። «በርካሽ ብሸጥላችሁ ጉቦ ነው ትሉ ነበር። አንተ ራስህ ትል ነበር፣ ዴል! ምን ባደርግ ነው ንጹሕ የምባለው?»

«እኔ እኮ ስቀልድ ነበር» አለ ዴል፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ሲቆጨኝ ነው የተናገርኩት።»

ዌድ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ግቢው መሃል ለገዢው ደወለ። ለመነው። ሽያጩን እንዲመልስለት፣ ያ ካልሆነ አንድ ሽማግሌ ለአንድ ቀን እንዲገቡ እንዲፈቅድ። የሰውየው ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር፤ ክፉ ድምፅ አልነበረም። መሬት ፍለጋ ብዙ ተንከራትቻለሁ፣ አንዴ ለአንዱ ከከፈትኩ ሁሉም ይገባል፣ አዝናለሁ አለ። ስልኩ ተዘጋ።

የቤቱ በር ተንቋቋ። ኦርቪል ሰደርያውን ለብሶ በከዘራ ቆሟል፤ ልኩ መሆኑን ሊያይ ነበር የለበሰው። ሦስቱንም አያቸው። ከዚያ ሰደርያውን አወለቀና ክንዱ ላይ አጠፈው።

«ደጅ ብርድ ነው» አለ። «ግቡ። አንተም ግባ፣ ዌድ።»

«አቶ ኦርቪል፣ እኔ...»

«ያለችህን ነው ያደረግከው፣ ልጄ። ሰምቻታለሁ።»

ኮሪን ያን ንግግር ከመስማት አባቷ ቢመታት ትመርጥ ነበር። ዌድ ላይ አልጮኸም፣ በእሷም ላይ አልፈረደም፤ ያለውን ብቻ ተናገረ፣ ያለው ደግሞ ልክ ነበር።

ዌድ ወደ እሷ ዞረ። «በይ ንገሪኝ። ምን ላድርግ?»

«ምንም እንዳታደርግ» አለችው። «ከእንግዲህ በእኔ ቃል ምንም እንዳታደርግ። እኔ ሽጠው አልኩህ፣ አንተ ሸጥከው። አንተን ሳይ በሩ ላይ ያለውን ሰንሰለት ነው የማየው፤ ሰንሰለቱን ሳይ ራሴን። እንዴት ነው አንድ ቤት የምንገባው?»

«ባልሸጠው አታምኚኝም ነበር።»

«አዎ።»

«ብሸጠውም አትወስጂኝም።»

ዌድ መዳፎቹን፣ ቅድም የዘረጋላትን፣ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ መኪናው ሄደ። ወደ ቤት ግቡ የተባለውን ግብዣ ማንም አልተቀበለውም፤ ኦርቪል ብቻውን ገባ።

*

አደኑ በተከፈተበት ጠዋት ኦርቪል ቤት መቅረት አልቻለም። ኮሪን ማሳቸው ጫፍ ላይ፣ ከጠጠሩ መንገድ አጠገብ ወንበር አወጣችለት፤ ጉልበቱን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። በታጨደው በቆሎ የአገዳ ቅሪት ላይ አመዳይ ያበራል። ከአጥሩ ወዲያ ጫካው እንደ ድሮው ቆሟል። ተኩስ በተሰማ ቁጥር ኦርቪል ፊቱን ወደ ድምፁ ያዞርና «ጥሩ አነጣጠረ» ወይም «ቸኮለ» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም።

ፀሐይ ከፍ ስትል የዌድ መኪና በመንገዱ መጣች። ከኋላ ዕቃ ተጭኖ በሸራ ተሸፍኗል። ከተማ ውስጥ የተከራየውን ክፍል እንደለቀቀ ኮሪን በዚያው ገባት።

መኪናዋ እነሱ ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። ቀነሰች፣ ቀነሰች፣ ልትቆም ምንም አልቀራትም። ዌድ በመስታወቱ ውስጥ አያት። ዓይኑ እንደ መጋቢቱ ወደ ሌላ አልሸሸም፤ ቀጥ ብሎ ነው ያያት። እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ኮሪንም እጇን እስከ ትከሻዋ አነሳች። ከዚያ ከፍ አላለችም። እሱ በሩን እስኪከፍት ጠበቀች፤ እሱ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ እስክትመጣ ጠበቀ። ሁለቱም ጠበቁ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ጨመረ፣ መኪናዋም ቁልቁለቱን ወርዳ ወደ ደቡብ ታጠፈች።

ኦርቪል ፊቱን ከጫካው ወደ እሷ አዞረ።

«ቁም ብትዪው ይቆም ነበር» አላት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«እና?»

«እሱም በሩን ቢከፍት እሮጥ ነበር። እሱም ያውቀዋል።»

ኦርቪል እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥቶ እጇን ያዘ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን ከመታጠፊያው ላይ ማንሳት አልቻለችም። አሁን ቢመለስ ምን እንደምትለው ታውቃለች፤ ቃላቱ ሁሉ ተደርድረው አፏ ውስጥ ነበሩ፣ አንድም ሳይጎድል።

«እንግባ» አለችው በመጨረሻ። «በረደህ።»

ኦርቪልን ግን አልበረደውም። የምትንቀጠቀጠው እሷ ነበረች።